አገር አሳዪው ጀንበሬና ሚስቱ ደጊቱ

«ተረት ተረት!»

«እንስማ ከሥረ መሠረት!»

ቀረብ በሉ ልጆቼ። አንቺ እግርሽን ሰብስቢና ለወንድምሽ ቦታ ልቀቂለት። የዛሬው ተረት ሳቅ የለበትም፤ አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

በድሮ ዘመን፣ ጉም አምባ የሚባል የደጋ አገር ነበረ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ገብሱ ላይ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ከጅብራና ከጓሳ ሣር በቀር ብዙም አይበቅልበትም። ግን አገሩ ለዓይን ያምር ነበር። የጥንት ነገሥታት ያሠሩት ግንብ ነበረ፤ ጣሪያው ወድቆ ግድግዳው ቆሟል። ከግንቡ በታች ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነበረ። ከድልድዩ ወዲያ ፏፏቴ ነበረ፤ ውሃው መሬት ሳይደርስ ነፋስ ይበትነዋል። ከዚያም መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ቆላውን አገር በሙሉ ከእግሩ ሥር ያየዋል።

ይህን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣ ነበር። ተሳላሚው ይመጣል፣ ነጋዴው ይመጣል፣ መኳንንቱም ይመጣሉ። ጉሙ ሲወርድ መንገዱን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበረ። ስሙ ጀንበሬ ይባላል።

ጀንበሬ አንደበቱ የተፈታ ሰው ነበረ። እንግዶቹን ግንቡ ውስጥ ያቆማቸውና፦ «ንጉሡ እዚህ ተቀምጦ ይፈርድ ነበር። ንግሥቲቱም በዚህች መስኮት ሆና የዘመተ ልጇን መንገድ ታይ ነበር» ይላቸዋል። ያላየውን እንዳየ አድርጎ ይናገራል። እንግዶቹም ያለቅሳሉ። ዋልያው ከየትኛው ቋጥኝ ብቅ እንደሚል፣ ጭላዳው ስንት ሰዓት ከገደል እንደሚወጣ ያውቃል። ከዚያም አፋፉ ላይ ያደርሳቸውና፦ «ይኸው፣ የእግዜር ሥራ!» ይላል።

ሚስቱ ደጊቱ ትባላለች። ልጅ አልወለዱም። እሷ ደግሞ ቤት ሆና በሶ ትበጠብጣለች፣ የባቄላ ሹሮ ትሠራለች፣ የእንግዶቹን እርጥብ ልብስ እሳት ዳር ታደርቃለች። እንግዶቹ ሲመለሱ አንድ ነገር ትጠይቃቸዋለች።

«ቆላው ታያችሁ?»

«አዎ እመቤት፣ ታየን።»

«ቤት ይታያል? ጭስስ ይታያል?»

እነሱም ይስቁና፦ «ኧረ እሱስ ሩቅ ነው!» ይሏታል።

ለምን እንደምትጠይቅ ልንገራችሁ። ደጊቱ የቆላ ልጅ ናት። አገሯ ቀርቀሃ ውሃ ይባላል። ጀንበሬ ያገኛት በተራራው ወገብ ላይ በነበረ ገበያ ነው፤ ደገኛው ገብስ ይዞ ይወርዳል፣ ቆለኛው ጥጥ ይዞ ይወጣል። ሠርጉም እዚያው ገበያው መንደር፣ በአጎቷ ቤት ተደረገ። ጀንበሬ ከዚያ በታች ወርዶ አያውቅም።

እናቷ ይፍቱሥራ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከደጊቱ ሌላ ልጅ የላትም። የሠርጉ ለት የጀንበሬን ጉልበት ያዘችና፦ «ልጄን ለብርድ አገር ሰጠሁህ። በየዓመቱ ለጥምቀት አምጣልኝ። ሌላ ነገር አልለምንህም» አለችው።

ጀንበሬም፦ «ማርያምን፣ አመጣታለሁ» አለ።

አላመጣትም።

የመጀመሪያው ጥምቀት ሲደርስ እንግዳ መጣ። በሁለተኛውም መጣ። ጥርና የካቲት ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወር ነውና እንግዳው ይበዛል። «ለከርሞ» ይላታል። ከርሞ ሲመጣ ደግሞ «ለከርሞ» ይላታል። ሌላም ነገር ነበረ። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ቆላ ወርደው ወባ ገድሏቸዋል። ጀንበሬ ያን ይፈራ ነበር። ግን ወንድ ነኝ ብሎ ፍርሃቱን አይናገርም፤ እንግዳውን ብቻ ያመካኛል። ገበያው መንደር የነበረው አጎቷም ሞተ። የእናትየዋም ጉልበት ደከመና ሽቅብ መውጣት አቃታት። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት የደጊቱን ዓይን ሞራ ይጋርደው ጀመር። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋባት። ከዚያም የሰው ፊት ደበዘዘባት። ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ግን ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ ዋንጫውን ሳተችና ጠላው ሰውየው ጉልበት ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ሳቀ። ጀንበሬ ግን አልሳቀም። ወደ ብርሃን አወጣትና ዓይኗን አየው። የዓይኗ ብሌን ወተት መስሏል።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ምን ታደርገዋለህ?» አለችው። ከዚያም፦ «ጀንበሬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ጨርሶ ሳይጠፋ ያን አፋፍ አሳየኝ» አለች።

አፋፉ ከቤታቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነበረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላየችውም። ጀንበሬም አፈረና፦ «ነገ እንሄዳለን» አለ።

በማግስቱ ጠዋት መለከት ተነፋ። አንድ ትልቅ ሹም ከነአሽከሩ መጣ። መስከረም ሊያልቅ ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ አገሩ በአበባ ተሸፍኗል። ሹሙም፦ «ጀንበሬ የሚሉት የት አለ? አገሩን ያሳየኝ» አለ።

ጀንበሬ ወደ ቤት ገባና፦ «ደጊቱ፣ ይህን ሰውዬ እንዴት እንቢ እለዋለሁ? ሸኝቼው ወዲያው እንሄዳለን» አላት።

«እሺ» አለች።

ሹሙ ሁለት ሳምንት ቆየ። ግንቡን አየ፣ ድልድዩን አየ፣ ፏፏቴው ሥር ድንኳን ተከለ። አፋፉ ላይ አምስት ቀን ተመላለሰ። የጀንበሬን ወሬ ሰምቶ አልጠግብ አለ። ሲሄድም አዲስ ሸማ ሸለመው።

ጀንበሬ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሮጠ። ደጊቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ፊቷ ወደ እሱ ነው። ግን ቀና ብላ አላየችውም።

«ደጊቱ! ምን እንደሸለመኝ እዪማ!» አለና ሸማውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋው።

እሷም በእጇ ዳሰሰችው። «ልስላሴው ደስ ይላል» አለች። «ጥለቱ ምን ዓይነት ነው?»

ጥለቱ ቀይ ነበረ ልጆቼ። አንድ ክንድ የሚሞላ ቀይ። እጇን እላዩ ላይ አድርጋ ነው የምትጠይቀው።

ጀንበሬ ከጎኗ ተቀመጠ። «መቼ ነው?» አላት።

«ከሄድክ በዘጠነኛው ቀን። ነቃሁና ገና ያልነጋ መስሎኝ ተቀመጥኩ። ቆይታ አንጓች ከጎረቤት መጣችና፦ ‹እቴ ደጊቱ፣ ፀሐይ ወጥቶ የለም እንዴ፣ ምነው በጎቹን አላወጣሽ?› አለችኝ። ያን ጊዜ አወቅሁ።»

ጀንበሬ አለቀሰ። እሷ ግን ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች።

በማግስቱ እጇን ይዞ ወጣ። ሜዳ ሲሆን ይመራታል፣ ድንጋይ ሲሆን ያዝላታል። ቀትር ላይ አፋፉ ደረሱ። ያን ለት ጉም የሚባል አልነበረም። ነፋሱ ከታች ሽቅብ ይመጣል፤ የሞቀ አገር ሽታ አለው። ደጊቱ ሽታውን ሳበችና ፈገግ አለች።

ጀንበሬም ጉሮሮውን ጠረገና፦ «በጥንት ጊዜ ነገሥታቱ በዚህ አፋፍ ላይ ቆመው...» ብሎ ጀመረ።

«ተው» አለችው። «ይህን ለእንግዶች ንገራቸው። ለእኔ የእናቴን ቤት ንገረኝ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንግዶቹን ስለ ቆላው የምትጠይቀው ለዚህ እንደሆነ ለጀንበሬ ያን ጊዜ ገና ገባው። ወደ ታች አየ። ኮረብታ ከኮረብታ በኋላ፣ ከዚያም ሰማያዊ ጭጋግ። ሌላ የለም። ግን ልቧን መስበር አልቻለም።

«ይታየኛል» አለ። «ሣር ክዳን ቤት ነው። ደጃፉ ላይ ትልቅ ሾላ አለ። ከሾላው ሥር አንዲት ሴት ቆማለች።»

«እኛ ደጅ ሾላ የለም» አለች ደጊቱ።

ያን ጊዜ ጀንበሬ መሬት ላይ ተደፋ። «ምንም አይታየኝም» አለ። «ሩቅ ነው። ቤትም ጭስም አይታይም። ዋሸሁሽ። እናትሽንም ዋሸኋት። ወንድሞቼን የበላው ወባ እኔንም እንዳይበላኝ ፈርቼ ነው እንጂ፣ እንግዳስ ምክንያት ነው።»

ደጊቱ ፊቱን በእጇ ፈልጋ አገኘችውና እንባውን ጠረገችለት። «ይህን የዛሬ አሥር ዓመት ብትነግረኝ ኖሮ አልቀየምህም ነበር» አለች። «አሁን ወደ ቤት ውሰደኝ።»

«የለም። እንወርዳለን» አለ ጀንበሬ።

«ጥቅምት እኮ ነው! ወባው የሚነሣው አሁን ነው። እስከ ጥር እንቆይ።»

«‹እንቆይ› ነው እዚህ ያደረሰን» አለና እጇን ያዘ።

በገደሉ ቁልቁለት ሁለት ቀን ወረዱ። በሦስተኛው ቀን ከቀርቀሃ ውሃ ደረሱ። ይፍቱሥራ ደጃፏ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ጠጉሯ እንደምትፈትለው ጥጥ ነጭ ሆኗል። አንድ ሰው አንዲት ዓይነ ስውር ሴት እየመራ ሲመጣ አየችና፦ «እናንተ መንገደኞች፣ ግቡና ውሃ ጠጡ» አለች።

«እማዬ» አለች ደጊቱ።

እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ይፍቱሥራ ተነሥታ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «መጣሽ!» አለች። «አሥራ አንድ ጊዜ ለጥምቀት ጠላ ጠመቅሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ጎረቤት ጠጣው። አሁን መጣሽ!» ከዚያም ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ልጄ፣ ለምን አታዪኝም?»

ጀንበሬ ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አነሣና አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተንበረከከ። «እማማ፣ በድዬዎታለሁ» አለ። ሁሉንም ነገራት። ወባውን ነገራት፣ ሹሙን ነገራት፣ ሸማውን ነገራት።

አሮጊቷም እጇን ድንጋዩ ላይ አደረገች። ከዚያም፦ «አውርደው ድንጋዩን» አለች። «ይህን መንገድ በዚህ ወር የወረደ ሰው ላይ ሌላ ሸክም አልጨምርም።»

ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ይፍቱሥራ፦ «ልጄ፣ አርጅቻለሁ እኮ» አለች።

ደጊቱም የእናቷን እጅ ጉንጯ ላይ አድርጋ፦ «እኔ የማየው ያኔ የሸኘሽኝን መልክ ነው። አላረጀሽም» አለች።

ሦስቱም ሳቁ። ሃያ ቀን ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ጀንበሬ ማሽላ ማጨድ ተማረ። ደጊቱም ጥጥ በእጇ እየዳሰሰች መፍተል ጀመረች፤ ዓይን እንኳ አያስፈልገውም ትል ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን ጀንበሬን ብርድ ብርድ አለው። በዚያ ሙቀት ጥርሱ ተንገጫገጨ። ከዚያም ሰውነቱ እንደ እሳት ሆነ። የቆላ ሰው ይህን ያውቃል። «የደጋ ሰው ነው፣ አይችለውም። ወደ ነፋሱ እናውጣው» አሉ። ቃሬዛ ሠሩና ተሸከሙት። ደጊቱም የቃሬዛውን እንጨት ይዛ ከጎኑ ሄደች።

ገደሉ ሥር ሲደርሱ ጎሕ ቀደደ። ጀንበሬም፦ «አውርዱኝ» አለ። አወረዱት። ሰዎቹ ፈቀቅ አሉና ሁለቱን ተዉአቸው።

«ደጊቱ፣ ይቅር በይኝ።»

«ለየትኛው?»

«ለሁለቱ ሳምንት። ለሹሙ።»

ደጊቱ ሐሳብ መጣባት። አሁን ይቅር ካልኩት ነፍሱ ታርፍና ይሄድብኛል ብላ ፈራች። ስለዚህ፦ «አሥራ አንዱን ዓመት ይቅር ብያለሁ። የሁለቱን ሳምንት ግን አላልኩም። ተሻልህና ቆመህ ጠይቀኝ» አለችው።

ጀንበሬም፦ «እሺ፣ እጠይቅሻለሁ» አለ።

ፀሐይዋ ገደሉን ስትነካ እጁ እጇ ውስጥ ቀዘቀዘ። ደጊቱ ግን አላመነችም። «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» እያለች ሰዎቹን ከለከለች። እስከ ረፋድ ድረስ እንዲያ አለች። ከዚያም አንድ ሽማግሌ መጥተው፦ «ልጄ፣ በቃ» አሏት።

ወደ ቀርቀሃ ውሃ መለሱትና እዚያው ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ቀበሩት። ይፍቱሥራም በሁለተኛው ዓመት ሞተች፤ ከአማቿ አጠገብ አስተኟት። የጉም አምባ ሰዎች ይህን ሰሙና መልእክት ላኩ። «ቤትሽ እንዳለ ነው፣ በጎችሽን አንጓች ትጠብቅልሻለች፣ ነይ እናውጣሽ» አሏት።

ደጊቱም፦ «እዚያ የነበረኝ ሰው እዚህ ነው» ብላ መለሰች።

ከዚያም ብዙ ዘመን ኖረች። በየቀኑ ጠዋት ግድግዳውን እየዳበሰች ወጥታ መቃብሩ ጋ ትሄዳለች። ትቀመጥና፦ «ጀንበሬ፣ ሁለቱንም ሳምንት ይቅር ብዬሃለሁ። እንድትድንልኝ ብዬ ነው እንጂ ያን ለትም ብዬህ ነበር» ትለዋለች። ከዚያም ዝም ብላ ጆሮዋን ወደ መሬት ታዘነብላለች። የሚያልፍ ሰው ካለ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ስትጨርስ እጇን ይዞ ወደ ቤቷ ይመልሳታል። በማግስቱም ትመጣለች። እንዲሁ ትላለች።

በሉ ልጆቼ፣ እንባችሁን ጥረጉ። ተረቴ ከአፌ ወጥቶ እናንተ ዘንድ ገብቷል፤ ባዶ የቀረውን አፌን ደግሞ በትኩስ የገብስ ቂጣ ሙሉልኝ።