በኦፔራ የሳቀው ነጋዴ

አንድ ሚስቱ የሞተችበት እህል ነጋዴ ነበረ። ከእሷ የቀረችለት አንዲት ልጅ ባሕር ማዶ ሄዳ ኦፔራ የሚባለውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜማ የሚነገረውን ተውኔት ተማረች፤ ተመልሳም በከተማው ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ቆመች። አባቷ አዲስ ካፖርቱን ደርቦ ከፊት ተቀመጠ።

ቋንቋው የባዕድ ነበርና አንድ ቃል አልገባውም። ታገሠ። ወደ መጨረሻው ልጁ የምትጫወታት ሴት በጩቤ ተወጋች፤ ወደቀች፤ ከወደቀችበትም ቀና ብላ መዝፈን ጀመረች። ዘፈነች፣ ዘፈነች፣ አልሞት አለች። ነጋዴው ሳቅ አመለጠው። ሊውጠው ቢሞክር ባሰበት። ልጁ ከመድረክ ላይ ድምፁን ለየችው። ዜማዋን አላቋረጠችም፤ ቤት ስትገባ ግን እህል ሳትቀምስ ተኛች፤ ከዚያ ወዲህም ስለ ሥራዋ ትንፍሽ አላለችለትም።

ጤፍ ሲሰፍር እንኳ ያ ሳቁ ጆሮው ላይ ይጮኽበት ጀመር። ቢጨንቀው ለዘፋኞቹ ፒያኖ ወደሚጫወቱ አንዲት አረጋዊት ዘንድ ሄደ።

«እማማ፣ ኦፔራ ያስተምሩኝ። ልጄን አስቀየምኋት።»

«ምኑ ነው ያሳቀህ?»

«የተወጋ ሰው ይጮኻል እንጂ እንዲያ ይዘፍናል? ነፍስ እኮ በቅጽበት ነው የምትወጣው።»

አረጋዊቷ የልጅቷን እናት መሞት ሰምተው ነበርና፣ «ሚስትህ ስታርፍ አጠገቧ ነበርህ?» አሉት።

«ነበርሁ። እጇን ይዤ።»

«ያቺ ቅጽበት መቼ አለቀች?»

ነጋዴው መዳፉን አየና፣ «አላለቀችም» አለ።

«እንግዲያ የምትዘፈነው ያቺ ቅጽበት ናት።» ሌላ ትምህርት አልሰጡትም።

እሑድ ከሰዓት ለልጁ ሳይነግር ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ። ሴቲቱ ተወጋች፤ ዜማው ተነሣ። የቴአትር ቤቱ ግድግዳ ቀስ እያለ የራቀው መሰለው። ዜማው እንደ ጭጋግ በወንበሮቹ መካከል እየተሳበ መጥቶ አነሣው። ያቺ ክፍል ታየችው፤ መጋረጃው በነፋስ ሲነፋ፣ የሚስቱ ጣቶች መዳፉ ውስጥ እየቀለሉ ሲሄዱ። ያን ጊዜ ለቀስተኛው ግር ብሎ ገብቶ፣ ሊላት የፈለገውን ሳይላት ቀርቶ ነበር። ዜማው ግን አልቸኮለም። ነጋዴው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በለሆሳስ፣ አንድ ሳያስቀር ነገራት።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ አልተነሣም። ልጁ አየችውና ፈራ ተባ እያለች ቀረበች።

«አባዬ፣ ዛሬም ረዘመብህ?»

ጉንጩ እርጥብ ነበር። «አጠረብኝ» አላት። አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ባዶውን መድረክ እያዩ ብዙ ቆዩ።

አንተም ወንድሜ፣ «ያላደግሁበትን ዜማ በዚህ ዕድሜዬ እንዴት ልወደው እችላለሁ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ነጋዴው ጆሮውን ብቻ ይዞ የሄደ ቀን ሳቀ፤ ሐዘኑን ይዞ የሄደ ቀን ሰማ። ዕድሜህን እንደ እንቅፋት አትየው፤ ለዚህ ትምህርት ስንቅህ እሱ ነው። ሕፃን ልጅ ዜማውን ካንተ ቀድሞ ይይዘው ይሆናል፤ ነገር ግን ገና የሚናፍቀው ሰው የለውም። አንተ የምትናፍቃቸው አሉህ። ይዘሃቸው ግባ።