የጎረቤት ንብ

«አንድ ሰው ነበረ፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው።»

አያ ታፈረ ምሳሌያቸውን እንዲህ ብለው ጀመሩ። ማንም ንገሩኝ አላላቸውም። ይሄይስ የሚባል ወጣት ገበሬ የኬሚካል መርጫ በጀርባው አዝሎ በደጃቸው ሲያልፍ ሰላም ሊላቸው ቆመ። ባቄላውን ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወሮበታል፤ መርጫው በጋራ የተገዛ ስለሆነ የእሱ ተራ የዛሬ ረፋድ ብቻ ነው። አያ ታፈረ ሰማዩን ቀና ብለው አዩና፣ ባቄላው አብቦ ንብ በወረደበት ሰዓት እንዳይረጭ፣ ቢችል አበባው እስኪያልፍ እንዲታገስ፣ ካልቻለም ፀሐይ አዘቅዝቃ ንቡ ወደ ቀፎው ሲገባ እንዲያደርገው መከሩት።

ይሄይስ ሳቅ አለ። «አያ፣ እኔ እኮ ቀፎ የለኝም። ንቡ የሰው ነው። ቢሞትስ እኔን ምን ይጎዳኛል?»

ሽማግሌው በዕድሜያቸው ብዙ ጥያቄ ተጠይቀዋል፤ እንዲህ ላለው ግን ቶሎ አይመልሱም። መርጫውን አውርዶ ድንጋዩ ላይ እንዲቀመጥ በእጃቸው አሳዩትና አንድ በሬ ብቻ ስለነበረው ሰው አወሩት።

ሰውየው ታታሪ ነበር። እርሻው ጥቂት፣ አፈሩም ሳሳ ያለ ቢሆንም ጎህ ሲቀድ ማሳው ላይ የማይገኝበት ቀን አልነበረም። ችግሩ የበሬው ነገር ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ደግነቱ አጠገቡ እንደሱው አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ነበረው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተቀናጅተው ያርሱ ነበር። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን ይባባሉና ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር ይጠምዳሉ። መቀናጆ ማለት ይኸው ነው፤ አገር ሲኖርበት የቆየ ወግ።

ለብዙ ሰው ይህ ወግ እፎይታ ነው፤ ለእሱ ግን እሾህ ሆነበት። ዝናቡ ጥሎ አፈሩ ሲመቻች ተራው የጎረቤቱ ይሆናል፤ የእሱ ተራ ሲደርስ ደግሞ ወይ ጭቃ ነው ወይ ደርቋል። ቢያንስ ለእሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ይመስለው ነበር። የሰው በሬ ሲመልስም ከሳ አልከሳ ተብሎ ይታይበታል። «እስከ መቼ ነው የሰው በሬ ጅራት ተከትዬ የምኖረው!» ይል ነበር ለሚስቱ። ሁለተኛ በሬ መግዛት፣ የራሱን ጥንድ መጥመድ፣ ማንንም ሳይለማመጥ ባሻው ቀን ማረስ፤ የሚመኘው ይህንኑ ብቻ ነበር።

በሬውን የሚያስገኝልኝ ኑግ ነው ብሎ ቆረጠ። ኑግ በሳሳ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ዘይት ጨማቂዎችም ደጅ ድረስ መጥተው ይወስዱታል። ታዲያ የመጀመሪያው ዓመት ኑጉ እንዳሰበው አልሆነለትም። ዝናቡ ቀድሞ ስለወጣ ፍሬው ቀጨጨ። ሰው ሲከፋው የሚወቅሰው ይፈልጋል። ሰማይን መውቀስ ያስፈራል፤ ጎረቤትን መውቀስ ይቀላል።

ጎረቤቱ ደግሞ ሦስት ቀፎ ንብ ነበረው። ኑግ ሲያብብ ንቡ ከማሳው አይጠፋም። ሰውየው አንድ ረፋድ ጎንበስ ብሎ ሲመለከት፣ ንቢቱ አፏን አበባው ውስጥ ሰክታ ስትመጥ አየ። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ታርፋለች። እንግዲህ ኑግ ማለት ቅባት ነው፤ የእሱ ኑግ ቀጭጯል፤ የጎረቤቱ ቀፎ ግን በማር ሞልቷል። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። «ለካ ቅባቱን የሚጨርሱብኝ እነዚህ ናቸው!» አለ።

ጎረቤቱ ማር በቆረጠ ቁጥር አንድ ሳህን ይልክለት ነበር። ሰውየው ከዚያን ቀን ወዲህ ማሩን «ይኼ የገዛ ኑጌ ነው» እያለ መላስ ጀመረ። አልተወውም ግን፤ ይልሰው ነበር።

በተከታዩ ክረምት ኑጉን ዘርቶ ሲጨርስ ጎረቤቱን በሽማግሌ ፊት አቆመው። ሦስት ሽማግሌዎች ከዋንዛው ሥር ተቀመጡ።

«በሬ የሰው ማሳ ቢገባ ባለቤቱ ይክሳል» አለ ሰውየው። «የዚህ ሰው ንብ በየዓመቱ ማሳዬ ውስጥ ነው የሚውለው። ኑጌን ጠብቶ ጨረሰው።»

«በሬ የገባበት ማሳ ያስታውቃል» አለ ጎረቤቱ። «እስቲ ንቤ የበላችውን አንድ ቅጠል አሳየኝ።»

«የበላችው ውስጡን ነዋ! ውስጡ ደግሞ አይታይም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ስለ ኑግ አበባ የሚያውቁት ቢጫ መሆኑን ነው። በማያውቁት ከመፍረድ ጎረቤታሞቹን ማስታረቅ ይሻላል ብለው፣ ቀፎዎቹ ለአንድ ዓመት ከመንደሩ ዞር ይበሉ አሉ። ጎረቤቱ አልተከራከረም። ንቡ ገብቶ ሲያልቅ የቀፎዎቹን አፍ በጨርቅ ደፈነና በአህያ ጭኖ፣ ከወንዙ ማዶ የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ፣ አማቹ ዘንድ አኖራቸው።

ድሮ ቢሆን የዱር ንብም በደረሰ ነበር። ኮረብታው ተመንጥሮ፣ ሳያብብ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ከተተከለበት ወዲህ ግን የዱር ንቡ ማደሪያ አጥቶ ተሰዷል። እንግዲህ በዚያ ዓመት ከማሳው ላይ የንብ ድምፅ ጠፋ። ሰውየው ጸጥታውን ወደደው።

መስከረም አልቆ ኑጉ ሲያብብ ደግሞ ልቡ በደስታ ዘለለ። እንደዚያ ያለ አበባ አይቶ አያውቅም። ወትሮ የኑግ አበባ ቶሎ ይጠወልጋል፤ የዚያ ዓመቱ ግን ቢጫውን እንደያዘ ሰነበተ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። «አያችሁ? ጠቢው ሲነሣለት!» ይላቸዋል እሱ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ።

እዚህ ላይ አያ ታፈረ ወሬያቸውን ገታ አደረጉ።

«ለመሆኑ አበባ ለምንድን ነው የሚረግፈው?»

«ጊዜው ሲያልፍ ነዋ፣ አያ» አለ ይሄይስ።

«ሥራውን ሲጨርስ ነው። ድግስ ደግሶ እንግዳ የቀረበት ሰው አይተህ ታውቃለህ? በሩን አይዘጋም፤ እንደከፈተ ይቆያል። ያ ኑግም በሩን ከፍቶ እየጠበቀ ነበር። ሰውየው ግን ድግሱ የደመቀ መሰለው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ።»

ሰውየው በአበባው ተማምኖ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ጥሩ እንጨት መርጦ ለራሱ ጥንድ የሚሆን አዲስ ቀንበር ጠረበ። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፣ በሬው ገና ሳይገዛ ቀንበሩ ተዘጋጀለት። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነበር፤ ጎረቤቱን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ «ለመጪው ዓመት ሌላ መቀናጆ ፈልግ፤ እኔ በራሴ ጥንድ ነው የማርሰው» አለው።

ጎረቤቱ «እሺ» አለ። ሌላ ሰው አላጣም። ጥሩ በሬ ያለውና ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መቀናጆ አያጣም።

ኅዳር ገባ። ኑጉ ታጨደ፤ ተከመረ፤ ከዚያም ባልና ሚስት አውድማ ላይ አድርገው በዱላ ወቁት። ክምሩ ትልቅ ነበር። ሰውየው በላይዳ ከፍ አድርጎ ለነፋስ ሰጠው። ገለባው ሄደ፤ ፍሬውም አብሮ ሄደ። ነፋሱ በርትቶ ነው ብሎ አረፈና ነፋሱ ሲበርድለት እንደገና ጀመረ። ያም ሄደ። የቀረለት አውድማው ላይ እንደ ዋዛ የሚታይ ጥቂት ነገር ነው። ከነፋሱ ጋር ከሄደው አፈስ አድርጎ በጣቶቹ መሃል አሸው። ቅርፊት ብቻ ሆነ፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ሰውየው አውድማው ላይ ቁጭ አለ። አላለቀሰም፤ ነገር ግን ማልቀስ የፈለገ ሰው እንደሚያደርገው መሬት መሬቱን ያይ ነበር። በሬው ከነፋሱ ጋር ሄዷል።

ሚስቱ በዚህ መሃል ለብቻ ያስቀመጠችውን ትንሽ ነዶ አምጥታ ወቃች። ከማሳው ዳር፣ ከድንበሩ የአፈር ቁልል፣ ከዲቡ ሥር በስተመጨረሻ ያጨደችው ነበር። ስታነፍሰው ገለባው ሄደ፤ ፍሬው ግን ከሥሯ ተንጣጣ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ።

«ይኼ ከየት መጣ?» አለ ባልየው።

«ከዲቡ ሥር። ጣዝማ ካለችበት።»

ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ፣ ከዝንብ የምታንስ ንብ ናት፤ ማሯን ሰው ለሳል ይፈልገዋል። ሴትዮዋ ቀዳዳዋን ካየች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቆፍረው እንዳያጠፏት ብላ ለባሏም አልነገረችም። ጣዝማ ሩቅ አትሄድም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የምትለቅመው።

«አንተ ሰው» አለችው ሚስቱ፣ ጥቁሩን ፍሬ በመዳፏ ይዛ። «ጣዝማዋም አበባውን ስትመጥ ከርማለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅባቱን የሚጠጣው ንብ ቢሆን ኖሮ ባዶ መሆን የነበረበት የዳሩ ነው። ባዶ የሆነው ግን ንብ ያልደረሰበት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኑግ በገዛ አበባው ዱቄት አያፈራም፤ የሌላውን ኑግ ዱቄት ይፈልጋል። ዱቄቱ የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ እንደ ልቡ አያደርሰውም። የሚያደርሰው የንብ ጠጉር ነው። ንቢቱ ለራሷ ማር ስትል ከአበባ አበባ ትዞራለች፤ ዱቄቱ ሳታውቀው ገላዋ ላይ ተጣብቆ አብሯት ይዞራል። የምትወስደው ጣፋጭ ውኃ ነው፤ ቅባቱን የሚሠራው ፍሬው ራሱ ነው፤ ፍሬ ደግሞ ያለ እሷ የለም።

በማግስቱ ሰውየው ባዶውን በአንድ እጁ፣ ሙሉውን በሌላ እጁ ጨብጦ ጎረቤቱ ደጅ ቆመ። እጆቹን ከፍቶ አሳየው። ለትዕቢተኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ወንድሜ፣ በደልሁህ። ቀፎዎችህን መልስልኝ» አለ።

ጎረቤቱ ሁለቱንም መዳፍ አየ። ሊስቅበት ይችል ነበር፤ አልሳቀም።

«ቀፎዎቹ ይመለሳሉ» አለ። «ንቡ ያለው ግን ባንዱ ብቻ ነው። አማቼ መንደር ወንዝ ዳር ቲማቲም ያለማሉ፤ አንዱ ረፋዱን፣ አበባው ላይ ንብ ወርዶ ሳለ መድኃኒት ረጨ። እስከ ቀትር ድረስ የሁለቱ ቀፎ ደጅ በሞተ ንብ ተሞላ። በመጥረጊያ ጠርገን አወጣነው። ብንጠይቀው ምን አለን መሰለህ? "እኔ ቀፎ የለኝም፤ ንቡ የሰው ነው" አለን።»

ሰውየው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ክስ የጀመረው እሱ ነበርና የንቡ ሬሳ ደጁ የወደቀ ያህል ተሰማው።

«በሬህስ?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በሬዬ ተቀናጅቷል። ቃል ሰጥቻለሁ» አለ ጎረቤቱ።

ንብ ያለባት ያቺ አንድ ቀፎ ከሁለቱ ባዶዎች ጋር ተመለሰች። አንድ ቀፎ ግን በአንድ ዓመት ሦስት አይሆንም፤ ንብ በራሱ ጊዜ ነው የሚረባው። ሰውየው በዚያ ዓመት ከመሬቱ ግማሹን በዶማ ቆፈረ፤ ግማሹን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጠ። አዲሱ ቀንበር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ከረመ።

አያ ታፈረ ምሳሌያቸውን ጨርሰው ወደ ይሄይስ ዞሩ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ከባቄላው ማሳ የንብ ድምፅ እስከ ደጃቸው ይሰማል። መርጫው በሁለቱ መሃል መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ባቄላ እንደ ኑግ አይደለም፤ ንብ ባይደርስለትም ጥቂት ጥቂት ይይዛል። ንብ ሲደርስለት የሚይዘውን ያህል ግን አይይዝም» አሉት። «ቲማቲም ላይ የረጨውን ሰውዬ አላውቀውም፤ ክፉ ሰው ነበር ብዬም አልፈርድበትም። ቀፎ የሌለው ሰው ነበር፤ እንዳንተው። ንብ ቀንበር የማይታይባት መቀናጆ ናት፣ ልጄ። ሳትጠምዳት ታርስልሃለች፤ ገለባ አትጠይቅህም፤ ማታ ወደ ጌታዋ ቤት ትገባለች።»

«ተራዬ ዛሬ ረፋድ ብቻ ነው፣ አያ» አለ ይሄይስ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«የማታውን ተራ ማን እንደያዘው ጠይቅና ተለዋወጥ። ሰው በሬ ይለዋወጥ የለም ወይ?» አያ ታፈረ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የጎረቤትህን በሬ ጠምደህ ስታርስ፣ እግሩን እንዳይመታው ከፊቱ ድንጋይ ታነሣለታለህ። ለምንድን ነው የምታነሣለት? በሬው ያንተ ሆኖ ነው?»

«አይ... የሰው ነው።»

«በሬው የሰው ነው፤ እርሻው ግን ያንተ ነው። ንቡም የሰው ነው፣ ይሄይስ። ባቄላው የማን ነው?»