ባለጸጋው ለራሱ ያስቀረው ቦታ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ኑሮው በተራሮች መካከል በሚገኝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሸለቆው ውብ ስለነበር ዝናው ራቅ ብሎ ተሰማ፤ ሊያየው የሚመጣውም እንግዳ በዛ። በኋላ አንድ ባለጸጋ መጣና ከገበሬው ማሳ በቀር በወንዙ ዳር ያለውን ሜዳ በሙሉ ገዛ። ሜዳውን ሸንሽኖ «እዚህ ሱቅ፣ እዚያ የእንግዳ ማረፊያ፣ ከዛፎቹ ሥር ደግሞ መኖሪያ ቤት ሥሩ» እያለ ለሰዉ ይሸጥ ጀመር። የራሱን ቤት ግን የሠራው ከሜዳው ርቆ፣ ውሃ በሸክም በሚወጣበት ዐለታማ ጉብታ ላይ ነበር።

ገበሬው ይህን አይቶ ጠረጠረ። ሜዳው እንዲህ ለምለም ሆኖ ሳለ ሰውዬውን ድንጋይ ላይ ምን አወጣው? ነገር ግን ምቀኛ እንዳይባል ፈርቶ ጥርጣሬውን በሆዱ ያዘ። ዓመት አለፈ። ሱቁም ቤቱም እንደ አሸን ፈላ።

ጨርቅ የምትነግድ እህት ነበረችው። እሷም የሱቋን ምሰሶ በሜዳው ላይ አቆመች። ገበሬው «ይህ ሰው አላማረኝም» ቢላት፣ «አንተ ደግሞ የማን ነገር አምሮህ ያውቃል? ሌላው ሲያልፍለት እጄን አጣጥፌ ልይ?» አለችው።

በማግስቱ ሰዉ አዲሱን መንገድ ሊመርቅ ተሰብስቦ ሳለ ገበሬው ተነሣና ባለጸጋውን እንዲህ አለው፦ «ጌታዬ፣ ከወንዙ ዳር ያለው ማሳዬ ከሜዳው ሁሉ ያምራል። ያለኝም እሱ ብቻ ነው። በነጻ ልስጥዎ፤ ቤት ሠርተው ይህን ክረምት ከልጆችዎ ጋር ይክረሙበት።»

ባለጸጋው ሳቀ። «ለእኔ ከፍታው ይስማማኛል» አለ።

«አንድ ክረምት ብቻ ነው» አለ ገበሬው።

ባለጸጋው ወንዙን ሰረቅ አድርጎ አየና ፊቱን ወደ አዲሱ መንገድ አዞረ። ከሰዉ አንዳንዱ አጉረመረመ፤ የሚበዛው ግን በገበሬው ተሳለቀ። እህቱ አልሳቀችም። የባለጸጋውን ፊት አይታ ነበርና ያንኑ ቀን ምሰሶዋን ነቅላ ሄደች።

ባለጸጋው በመጣ በሦስተኛው ክረምት፣ በገበያ ቀን፣ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ አመጣው። ሰዉ ሮጦ አመለጠ፤ ሱቁንና ቤቱን ጎርፍ ወሰደው። የገበሬውም ማሳ አፈሩ ታጥቦ ሄደ። ባለጸጋው በረንዳው ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ገበሬው ልብሱን እየጨመቀ፣ በዝምታ ያሳለፋትን ያችን አንድ ዓመት እያሰበ ተቆጨ። ዓመቷ ስትጀምር ሜዳው ላይ አንድም ቤት አልነበረም።

እንግዲህ ወዳጄ ጥላዬ፣ «ሸለቆአችሁን እናልማ እያሉ ከሚመጡት የትኛውን እንመን?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሰው ሊሸጥልህ ሲመጣ ለራሱ ያስቀረውን እይ። መጠርጠርም ኃጢአት አይደለም፤ የጠረጠርከውን ግን ጎረቤትህ መሠረት ሳይቆፍር በአደባባይ ጠይቅ። ወደ እናንተ የመጡት ሰዎች እንደዚያ ባለጸጋ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ገበሬው ግን አንተ ነህ። ነገ ስብሰባ አላችሁ አይደል? ሂድና ተናገር።