ወንዝ የተሻገረች ሩር

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን የሚያውቅ ይቁጠረው፣ አያ ጎበዜ የሚባሉ ሽማግሌ ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት የወንዝ ዳር ማሳ ነበሯቸው። ማሳዋ ለሦስት ብትከፈል ዶሮ አታሳድርም። ሊሞቱ ሲሉ ልጆቹን ጠሩና፣ በገና ዕለት የእንጨቷን ኳስ፣ ሩሯን፣ ከዋርካው ሥር መትቶ ወንዝ ያሻገረ ማሳዋን ይውሰድ፤ የቀሩት ከተማ ገብተው ሸክም ይሸከሙ አሉ። ለእያንዳንዱም ሁለት ምት ፈቀዱ።

መካከለኛው ልጅ አንተነህ የገናን ዕለት ቆሽቱ እያረረ ነው የዋለው። ባለፈው ዓመት ታናሹ ሽባባው ዱላውን እንደ እብድ ሲያወናጭፍ የቀኝ እጁን አንጓ ሰብሮበታል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተባለ፤ ካሣም አልተከፈለው። አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ገጠመ። ዱላ መጨበጥ ቀረ።

ታላቁ ጓንጉል እጁ ለእንጨት የተፈጠረ ነው። ሦስት ወር ጫካ ለጫካ ዞሮ ለዱላ የሚሆን፣ በተፈጥሮው የጎበጠ የወይራ ሥር አገኘ። እጀታውን ጠርቦ አቀጠነና፣ ክብደቱን ቆልማማው ጫፍ ላይ ተወው። ግን ክንዱ ጎታታ ነው። ሁለቴ መታ፤ ሁለቴም ሩሯ ውኃ ገባች። ዱላውን መሬት ጥሎ ተቀመጠ።

ሽባባው ደግሞ ዝንብ በአየር ላይ የሚይዝ ነው፤ ጡንቻው ከዓይን ይቀድማል። በራሱ ዱላ፣ በክንዱ ብቻ ወዘወዘ። ሩሯ ወደ ጎን ተፈናጥራ አህያ መታች። አገር ሳቀ።

አንተነህ አልሳቀም። ለመሬቷ መቅረት ሳይሆን ለምቱ መበላሸት ደሙ ፈላ።

«አንተ ገልቱ፣ በክንድህ አትምታ። መጀመሪያ ዳሌህን አዙር፣ ከዚያ ቀጥ አድርገህ ግታው። ጅራፍ የሚጮኸው እጀታው ሲገታ ነው። አንጓህ መጨረሻ ይምጣ» አለው ታናሹን።

ሽባባው የጓንጉልን ዱላ ከመሬት አነሳ። እንደተባለው አደረገ። ሩሯ እያፏጨች ወንዙን ተሻግራ ማዶ ካለው ድንጋይ ጋር ተላተመች።

«መታሁ፣ ተሻገረች፤ ያየ ይመስክር» አለ ሽባባው።

«በራስህ ዱላማ አህያ ነው የመታኸው» አለ ጓንጉል። «የእኔን ማን ፈቀደልህ?»

አንተነህ የእኔስ ትምህርት ቢላቸው፣ ታናሹ ሳቀበት። «አያ አንተነህ፣ በምላስ መሬት ይታረሳል?»

አንተነህ ጠማማ እጁን አፍንጫው ሥር ደቀነለት። «ሰባሪው አንተ፣ አስተማሪህ እኔ። ሸክሙን በየትኛው እጄ ልያዘው?»

ሊዳኙ የተቀመጡት የአገር ሽማግሌዎች እስኪመሽ ተጨቃጨቁ፤ እርስ በርስ ተኳረፉና ሳይፈርዱ ተነሱ። ማሳዋም ጦም አደረች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ፈጥኖ የመታው፣ ዱላውን የጠረበው፣ ወይስ አመታቱን ያሳየው? ማን ይረስ? እነማንስ ይሰደዱ?