ወደ ግራ የሚስበው መሪ

አንድ ቀን፣ ያውም በሠርግ ወራት፣ የጋሽ ተካልኝ ባንድ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ሐረር ሠርግ ሊያጫውት ተዘጋጀ። ባንዱ የሚጓዘው በአንዲት አሮጌ ቫን ነው። ቫኗ ከዘፋኟ ከወይንሸት በዕድሜ ትበልጣለች። ፊቷ ክብ፣ መብራቶቿ እንደ ደነገጠ ሰው ዓይን የፈጠጡ፣ ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ የነበረ ነው። በመንገድ ስታልፍ ሰው ሁሉ እያያት ፈገግ ይላል። ፈገግ የማይለው ሹፌሩ ነጂብ ብቻ ነበር፤ መሪዋን የሚጨብጠው እሱ ነዋ!

መሪው ልል ነው። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት መጀመሪያ ጥቂት ዝም ይላል፤ ነገሩን አሰብ ያደርግና ነው ለጎማው የሚነግረው። ቀለል አድርገው ሲይዙት ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይስባል። ፈጠን ሲሉበት ይንቀጠቀጣል። ነጂብ ቤቱ ገብቶ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ እንኳ እጁ ገና መሪው ላይ ያለ ይመስለው ነበር።

ጋሽ ተካልኝ የባንዱ መሪ ናቸው። አኮርዲዮናቸውን ሲይዙ የታመመ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ይጨፍራል፤ ይህን የሚጠላቸውም አይክድም። ጣጣቸው ሌላ ነው። አንደኛ፣ የማያውቁት ነገር የለም። ሠርግ ቤት ሲገቡ ለወጥ ሠሪዋ የጨዉን ልክ፣ ለፎቶ አንሺው የፀሐይዋን አቅጣጫ፣ ለሙሽራው የከረባቱን አስተሳሰር ይነግራሉ። ሁለተኛ፣ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሲሄድ መንገዱ ይጠፋዋል።

ነጂብ ለዚህ ጉዞ ቀደም ብሎ ነበር መወትወት የጀመራቸው።

«ጋሽ ተካልኝ፣ ይሄ መሪ ጋራዥ ገብቶ መታየት አለበት። የደንገጎን ዳገት በዚህ መሪ መውጣት ከሞት ጋር መቃለድ ነው» አላቸው።

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ወደ ግራ ይስባል።»

«ታዲያ አንተ ወደ ቀኝ ሳበዋ! እኩል ትመጣላችሁ።»

«አቦ ጋሽ ተካልኝ! ጎማውም እኮ አልቋል። የፊተኞቹ ጥርስ የላቸውም።»

«ጎማ ምን ሊቆረጥም ነው ጥርስ የሚፈልገው?»

ነጂብ ግን አልተዋቸውም። ጠዋት ሲያገኛቸው ስለ መሪው፣ ማታ ሲሸኛቸው ስለ ጎማው እያነሣ ነዘነዛቸው። በመጨረሻ «በል ጎማውን እንይልህ፤ መሪውን ግን አርፈህ ተወው» ብለው ጎማ ተራ ይዘውት ሄዱ።

ነጋዴው አሮጌዎቹን ጎማዎች ጥቁር ቀለም ቀብቶ እንደ ሙሽራ ጫማ አብለጭልጯቸዋል። ጋሽ ተካልኝ ገና ከበሩ ላይ ሆነው በጣም የምታበራዋንና በጣም የረከሰችዋን መረጡ። ነጂብ አጎንብሶ ጎኗን በጣቱ ሲጫን ቀለሙ ተላጠና ደረቅ መሬት የመሰለ ስንጥቅ ብቅ አለ።

«ይሄ የትንሽ የቤት መኪና ጎማ ነው፤ ጎኑ ስስ ነው» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። «የኛ ቫን ሰውም ይጭናል፣ ያን ሁሉ ድምፅ ማጉያም ይጭናል። ለጭነት የተሠራ፣ ጎኑ የጠነከረ ነው የሚሆነን። ደግሞ የፊት ጎማዎች ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ መሪው ይብስበታል።»

ጋሽ ተካልኝ የቫኗን ጎማና የነጋዴውን ጎማ እያፈራረቁ አዩ።

«ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም ክብ ናቸው» አሉ። «ከዚህ በላይ አንድ ዓይነት ከየት ላምጣልህ?»

አንዷን ብቻ ገዙና በስተግራ ፊት ላይ አስገጠሙ። አዲሲቱ ጎማ ከወዳጇ አነሰች፣ ቫኗም ወደ ግራ ዘመም አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ግራ ይስብ የነበረው መሪ ከዚያ ወዲያ ወደ ግራ ይሮጥ ጀመር።

እንግዲህ በዚህ አኳኋን ነው ለሠርጉ የተነሡት። ከኋላ ከበሮና ድምፅ ማጉያ እስከ ጣራው ተቆልሏል፤ ሙዚቀኞቹ በመሀል ተጠጋግተዋል፤ ጋሽ ተካልኝ አኮርዲዮናቸውን አቅፈው ከነጂብ ጎን ተቀምጠዋል። የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲጀምሩ ጨዋታው ደርቶ ነበር። ነጂብ ብቻ በሁለት እጁ መሪውን አንቆ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ወደ ቀኝ እየሳበ ይነዳል።

አንድ ኩርባ ላይ ከላይ ጫት የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እያምባረቀ ወረደ። ነጂብ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። መሪው እንደ ልማዱ አሰብ አደረገ። ቫኗ ግን ሳታስብ ወደ ግራ፣ ቀጥ ብላ ወደ አይሱዙው ሄደች። ወይንሸት ጮኸች። ነጂብ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሙሉ ክብደቱ መሪው ላይ ተንጠለጠለ፤ ጎማዋ መጨረሻ ሰዓት ላይ ሰማችውና ቫኗ ወደ ዳር ተመለሰች። አይሱዙው ጎናቸውን በነፋሱ ገርፎ አለፈ። ነጂብ እናቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት።

ከኩርባው በላይ ይህን ሁሉ ቆሞ ያየ የትራፊክ ፖሊስ ነበር። ሳጅኑ እጁን አነሣ።

«ውረድ! መንጃ ፈቃድ! ጠጥተሃል እንዴ?»

«ኧረ ወላሂ ሳጅን፣ ከውኃ በቀር…»

ነጂብ ሳይጨርስ ጋሽ ተካልኝ አኮርዲዮናቸውን እንዳቀፉ ዱብ አሉ።

«ሳጅን፣ መኪናዋ እንከን የላትም። በቅርቡ ነው ጎማ የገዛሁላት። ልጁ ነው፤ ሲያዛጋ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ነጂብ ጆሮውን ማመን አቃተው። የሁሉንም ሕይወት ያተረፈው እሱ፣ ጥፋተኛውም እሱ ሆነ። መንጃ ፈቃዱ በሳጅኑ እጅ ውስጥ ነው፤ እሱን ከተነጠቀ ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ሳጅኑ አጎነበሰና የፊት ጎማዋን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቃት። እንደ ላላ ጥርስ ተንገጫገጨች።

«እንከን የላትም ነው ያሉኝ አባቴ? ቴስታዋ አልቋል እኮ! መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ቴስታ ነው። እሱ ካለቀ ሹፌሩ ቢያዛጋ ባያዛጋ መኪናዋ በፈለገችበት ነው የምትሄደው።»

ጋሽ ተካልኝ ትንሽ ደንገጥ አሉ፤ ነገር ግን መሸነፍ አያውቁም።

«ይሄንንስ ማን ነገረኝ? አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም! ሹፌር ሆኖ የመኪናውን ችግር ካልተናገረ ጥፋቱ የማን ነው?»

ሳጅኑ ፊቱን ወደ ነጂብ አዞረ።

«ችግሩን እያወቅህ ዝም ብለህ ነው ይሄን ሁሉ ሰው ጭነህ የወጣኸው? መንጃ ፈቃድህን ከመውሰዴ በፊት አንተው በአፍህ ንገረኝ። ችግሩ ምንድን ነው?»

ነጂብ ጋሽ ተካልኝን አያቸው። ጋሽ ተካልኝ ወደ ሸለቆው ያያሉ። ሙዚቀኞቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገዋል።

«ችግሩ መሪው ነው፣ ሳጅን» አለ ነጂብ።

«መሪው ምን ይሆናል?»

«አይሰማም! ስነግረው ስነግረው ዝም ይላል። ወደ ቀኝ ስለው ወደ ግራ ይሄዳል። ደህናውን ጊዜ ከኔ በላይ ማን አለ ይላል፤ ችግር ሲመጣ ግን ሸክሙን ሁሉ እኔ ላይ ጥሎ እሱ ጥፋተኛ አይደለም።»

ከቫኗ ውስጥ ከበሮ መቺው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሳጅኑም ከንፈሩን ነክሶ አንዴ የመኪናዋን መሪ፣ አንዴ ደግሞ አኮርዲዮን ያቀፉትን ሽማግሌ አየ።

«ቆይ እስቲ፣ የትኛውን መሪ ነው የምትለው? የመኪናውን ነው የባንዱን?»

«የትኛውም ይሁን፣ ሳጅን፣ አይጨነቁ» አለ ነጂብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ቴስታ!»

ሳጅኑ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሲበቃው መንጃ ፈቃዱን ለነጂብ መለሰለት፤ ቫኗን ግን «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» ብሎ አቆማትና ሙዚቀኞቹን ሐረር በሚሄድ መኪና አሳፈራቸው።

ጋሽ ተካልኝ ከመሳፈራቸው በፊት ግንባራቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ከነጂብ ጥቂት ራቅ ብለው ቆመው ነበር።

«በል ለመኪናዋ ቴስታውንም ጎማውንም አንተ እንዳልከው ይገዛላታል» አሉት። «እኔ ግን ሳይገጠምልኝም ተሽሎኛል!»