ከቢስሚላህ በፊት

አንድ ይማም የሚባል አራጅ ነበር። ቢላዋውን በሬው በማያይበት ይስላል፤ ውሃ ሳያጠጣ አያጋድምም፤ "ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር" ሳይል አያርድም። የከተማው ሰው "የይማምን እርድ ዓይን ጨፍኖ መብላት ነው" ይል ነበር።

ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ባለጸጋ ቄራ ሲከፍቱ ይህንኑ ስሙን ፈልገው ቀጠሩት። እዚያ ግን ከብቶቹ የሚመጡት በመኪና ታጭቀው፣ ሦስት ቀን ውሃ ሳይቀምሱ ነው። አንዳንዱ እግሩ ተሰብሮ እየተጎተተ ይገባል። ደሙና ፈርሱ ደግሞ በቦይ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ይማም ያያል። የልጆቹን ጉሮሮ ያስባል፤ ዝም ይላል። እንዲህ እያለ ሰባት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ከቄራው በታች በወንዙ ዳር ባለው መንደር የምትኖር፣ ዘምዘም የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጀሪካን ውሃ ተሸክማ ቄራው በር ላይ ጠበቀችው።

"ወንድሜ ይማም፣ የምታርደው ሐላል ነው አሉ" አለችው። "እኛ የምንጠጣውንስ ምን እንበለው? ልጄን ሐዋን ተቅማጥ ከጣላት ሰነበተ።"

ውሃው ቀላ ያለ ነው፤ ይሸታል። ይማም ጀሪካኑን ይዞ ሐጂ ዘንድ ገባና የሴትዮዋን አቤቱታ ነገራቸው።

"ቢላዋህ ስለት አለው?" አሉት።

"አለው።"

"ቢስሚላህ ብለሃል?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያው ያንተ ነገር አለቀ። ወንዙ የአላህ ነው።"

"የአላህ ስለሆነማ ነው የምፈራው" አለ ይማም። "የምንበላው ሐላልም ጠይብም ይሁን ተብለናል፤ ንጹሕና መልካም። በጥም የተሠቃየ ከብት፣ ጎረቤት የመረዘ ደም፣ ከየት መጥቶ ጠይብ ይሆናል ሐጂ?"

ሐጂ ሳቁ። ይማም ቢላዋውን ጠረጴዛቸው ላይ አኑሮ ወጣ። በማግስቱ ሌላ አራጅ ገባ፤ ሥራው ለአንዲት ሰዓት እንኳ አልተስተጓጎለም።

ሐዋ ጁምዓን ሳታይ ሞተች። ለሰደቃዋ ሐጂ ቡሽራ አንድ ሰንጋ አሳርደው ላኩ። መንደሩ ሥጋ ካየ ቆይቶ ነበርና እጁን አንሥቶ "አላህ ይጨምርላቸው" ብሎ ዱዓ አደረገ፤ በላም። ዘምዘም ሳህኗን እንደያዘች ወደ ይማም ዞረች።

"አንተ ታውቃለህ። ልብላው?"

ሰባት ዓመት ዝም ያለ ሰው ምን ብሎ ይመልስላት?

ወገኖቼ፣ ቢስሚላህ ግፍን አያጥብም። ሐላል የሚጀምረው ከበረቱ፣ ከመንገዱ፣ ከሠራተኛው ላብና ከጎረቤት ውሃ ነው። ማዕድ ስንቀርብ "ማን አረደው?" ማለትን እናውቅበታለን። እኛ እስክንጠግብ ማን እንደተጠማስ የምንጠይቀው መቼ ነው?