አንለይ በረዶ የመለሰ ቀን

በእኛ በኩል፣ ትምህርቱን ከመንገድ አቋርጦ «በቃኝ፣ ችያለሁ» የሚል ሰው ሲገኝ ሽማግሌዎች የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። አሁኑኑ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እሷን ይዛችሁ ታሪኬን ጥላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔም ሞኝ አይደለሁም። የተማሩት ሰዎች «ይህ ነገር በመጽሐፍ የለም» ይሉኛል። በመጽሐፍማ ቢኖር እኔ መቼ አነበው ነበር?

በደጋው አገር አለቃ ጥሩነህ የሚባሉ በረዶ መላሽ ነበሩ። ገብሱ ዘለላ ይዞ ደመናው ሲጠቁር ኮረብታ ላይ ወጥተው ቀንዳቸውን ይነፋሉ። የአህያ ራስ የሚያህለው በረዶ (ውሸት ከመሰላችሁ የበግ ራስ በሉት፤ ከዚያ ወዲያ አልቀንስም) እንደ ተቆጡት ውሻ ጭራውን ወሽቆ ይመለሳል።

እሳቸው ዘንድ አንለይ የሚባል ጎልማሳ ከተራራው ማዶ፣ ከቀጨሞ አፋፍ፣ ሊማር መጣ። የላኩት እናቱ እማማ ጥሩዬ ናቸው። መበለት ናቸው፤ ያላቸው እሱና አንዲት የገብስ ማሳ ብቻ ነው። «ሂድ ልጄ፣ የእኛንም አገር ከበረዶ የሚያድን ሰው ይውጣልን» ብለው ስንቁን ቋጥረው ሸኙት።

የአንለይ እስትንፋስ ጉድ ነበር። ቀንዱን ሲነፋ የተኛች ላም ብድግ ትላለች፣ የቆመች ትተኛለች። አለቃ ግን ሲያደንቁት አይሰማም። ጠዋት ጠዋት በየገደሉ አፋፍ ይዘውት ይዞራሉ።

«ያ ሸለቆ ስሙ ማን ነው?»

«አላውቅም የኔታ።»

«ትናንት ነግሬህ ነበር። ከብት ይወርድበታል?»

«እኔ እረኛ ነኝ እንዴ የኔታ? በረዶ ልመልስ ነው የመጣሁት!»

«በረዶ ይመለሳል እንጂ አይጠፋም፣ ልጄ። የመለስኸው እንደሆነ የት ልውረድ ብሎ ይጠይቅሃል። ሰው የማይኖርበትን፣ ከብት የማይውልበትን ገደል በስሙ ጠርተህ ካልነገርኸው ወየውልህ።»

አንለይ በልቡ «ሽማግሌው ምስጢሩን ላለመስጠት በየገደሉ ያንከራትተኛል» አለ። ቀንዱን እንጂ ገደሉን አልተማረም።

አለቃ አንድ ቀን ሩቅ አገር ለቅሶ ሊደርሱ ተነሡ። «እስክመለስ ቀንዱን እንዳትነካ» አሉት። «ቢመታንም ይምታን። ገብስ ለከርሞ ይዘራል።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ደመናው መጣ። እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ። አገሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ አንለይ ደጅ ቆመ። የሻረግ የምትባል አፈኛ ሴት ከፊት ነበረች።

«አንለይ፣ የእኔ አንበሳ! ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው? ንፋው እንጂ!»

«ተው ልጄ» አሉ አባ ውበቴ የተባሉ ሽማግሌ። «አለቃ ምን ብለውህ ሄዱ?»

«እርስዎ ጥርስ የለዎት፣ ገብስ ምን ያደርግልዎታል!» አለች የሻረግ።

ሰው በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ሳቀ። «ከአለቃ ታንሳለህ እንዴ?» አለው አንዱ። ይህቺ ወጋችው። ቀንዱን አነሣና ኮረብታው ላይ ሮጠ።

ነፋ። በረዶው ሰማይና ምድር መካከል ቀጥ አለ። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሰው ራስ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የሻረግ እጇን ዘርግታ አንዱን ነካችው ይባላል። ከደመናው ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«ወዴት?»

አንለይ አፉን ከፈተ። ያ ባለ ቁልቋሉ ገደል ማን ነበር ስሙ? ያ ከብት የማይወርድበትስ? አንድም ስም አልመጣለትም።

«ወዴት?» አለ ደመናው ደግሞ፣ በረዶውም ዝቅ ዝቅ ማለት ጀመረ።

ሰው ሲጨንቀው ምላሱ የሚሮጠው ወደ ቤቱ ነው። «ቀጨሞ አፋፍ!» አለ አንለይ።

ወዲያው ቃሉን ሊውጠው ፈለገ። በረዶ ይመለሳል፤ ቃል ግን አይመለስም። ደመናው ተጠቅልሎ ተራራውን ተሻገረ። ከኋላው እልልታው ቀለጠ፤ ሊሸከሙት ሲመጡ ገፍትሯቸው ወደ ማዶ ሮጠ።

ጨምረህ ታወራለህ ትሉኛላችሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አልጨመርሁም። ማሳው ነጭ ነበር። አንድ ዘለላ አልቆመም። እናቱ ገብሱን ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ነው በረዶው የደረሰባቸው። አንለይ በረዶውን በእጁ ዛቀው፣ ጣቶቹ እስኪደሙ። እናቱ ነጠላቸውን አጥፈው ራሳቸው ላይ ደርበው ነበር። ነጠላ ምን ሊያደርግ።

አለቃ ከአንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው መጡ። አንለይ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«የኔታ፣ ይመልሱልኝ!»

«የወረደውን እኔም አልመልሰውም፣ ልጄ» አሉና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

የዐርባዋ ቀን፣ በረዶ የተመለሰለት አገር ጠላውን በእንስራ እያሸከመ ማዶ ተሻገረ። ጠላው የተጠመቀው ከዳነው ገብስ ነው። አንለይ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ዋንጫውን አልነካም። የሻረግ ልታጽናናው ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ምንም ቢሆን አገር አድኗል! ልጆቼ የበሉት በእሱ ነው። እንዲህ ያለ አዋቂ የት ይገኛል?»

አባ ውበቴ ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦ «መመለስን አውቆ መጣያ ያላወቀ፣ የሰው ማሳ አድኖ እናቱን አደቀቀ።»